በርበሬና ጨጓራ፦ ስለሚያቃጥለውና ስለማያቃጥለው

(ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለአካባቢው ኅብረተሰብ የቀረበ ሕዝባዊ ገለጻ፤ ሙሉ ቃል)





 በገለጻዬ ውስጥ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ላስታውስ እወዳለሁ።

የዛሬው ርእሴ በርበሬ ነው። በርበሬ ለምዕራብ ጎጃም ሰው ሁለት ነገር ነው። በማሳ ላይ ገንዘብ ነው፤ በቡሬ፣ በወምበርማና በጃቢ ጠህናን ወረዳዎች የማዳበሪያ ዕዳ የሚከፈለው፣ የልጅ ልብስና ደብተር የሚገዛው፣ የቤት ክዳን ከሣር ወደ ቆርቆሮ የሚለወጠው ብዙ ጊዜ በደረቅ በርበሬ ሽያጭ ነው። በገበታ ላይ ደግሞ የየዕለት ምግብ ነው፤ በጾምም በፍስክም ከወጡ አይለይም። በኅዳርና በታኅሣሥ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ የተጓዘ ሰው ደጁ ሁሉ ቀልቶ ያያል። ይህን ያህል የምናመርተውና ይህን ያህል የምንበላው ነገር በጤናችን ላይ ስለሚያደርሰው ውጤት ምን እናውቃለን? ብዙ እናምናለን፤ የመረመርነው ግን ጥቂት ነው።

እምነቶቻችንን ሰብስቤ ስመለከታቸው ከአንድ ሥር የበቀሉ ሆነው አግኝቻቸዋለሁ። አንደኛው «የሚያቃጥል ነገር ያቆስላል» ይላል፤ ስለዚህ የጨጓራን ሕመም ያመጣው በርበሬ ነው እንላለን። ሁለተኛው «እኔን ያቃጠለኝ ነገር ትሉንም ይገድለዋል» ይላል፤ ስለዚህ ጥሬ ሥጋን በሚጥሚጣና በአዋዜ ብንበላ ኮሶ አይዘንም እንላለን። ሦስተኛው በቃል አይነገርም፤ በተግባር ግን ሁላችን እንኖርበታለን፤ «የማያቃጥል፣ የማይመር፣ የማይሸት ነገር አይጎዳም» የሚል ነው። ሦስቱም ምላስን ዳኛ ያደርጋሉ። ዛሬ ላሳያችሁ የምሻው ምላስ በዚህ ጉዳይ ሁለት ጊዜ እንደሚሳሳት ነው፤ ንጹሑን ይከሳል፤ ጥፋተኛውን በነጻ ያሰናብታል።

ወደ ዝርዝሩ ከመግባቴ በፊት ግን እንዲህ ያለው እምነት የእኛ ብቻ ጠባይ እንዳልሆነ ልናገር። በርበሬ እንደ ጤፍ ወይም እንደ ኮረሪማ የሀገራችን ጥንታዊ ተክል አይደለም፤ መነሻው አሜሪካ ሲሆን ወደ ቀረው ዓለም የተሻገረው ከ1492 የኮሎምበስ ጉዞ በኋላ ነው። ቸኮሌት የሚሠራበት ካካዎም የዚያው አህጉር ተክል ነው፤ የጥንት የሜክሲኮ ሰዎች ሁለቱን በአንድነት በጥብጠው ይጠጡ ነበር። አውሮፓውያንና አሜሪካውያን ስለ ቸኮሌት የሚያምኑት እኛ ስለ በርበሬ ከምናምነው አያንስም። ብጉር ያወጣል ይሉታል፤ ልብን ያድናል ይሉታል፤ አእምሮን ያበራል ይሉታል። በ2012 አንድ ሐኪም በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን ላይ ባወጣው አጭር ጽሑፍ፣ ሀገሮች በነፍስ ወከፍ የሚበሉትን ቸኮሌት ከሕዝብ ብዛታቸው አንጻር ካገኙት የኖቤል ሽልማት ጋር አስተያየና ሁለቱ አብረው እንደሚጨምሩ አሳየ። ቸኮሌት የሚበላ ሁሉ ሊቅ ይሆናል ማለት ነውን? አይደለም። ሀብታም ሀገር ቸኮሌትም ይገዛል፤ ቤተ ሙከራም ይሠራል። ሁለት ነገሮች አብረው መገኘታቸው አንዱ የሌላው ምክንያት መሆኑን አያረጋግጥም።

ይህንን መመዘኛ ወደ ቤታችን እናምጣው። ጨጓራውን የታመመ የቡሬ ገበሬ ትናንት ምን በላህ ቢባል በበርበሬ የተሠራ ወጥ በላሁ ይላል። እውነቱን ነው። ጤነኛው ጎረቤቱም ቢጠየቅ የሚሰጠው መልስ ያው ነው። ሁሉም ሰው በየዕለቱ የሚበላው ነገር በማንኛውም በሽተኛ ታሪክ ውስጥ ሳይገኝ አይቀርም። እንግዲህ በርበሬ በጥርጣሬ የተያዘው ስለ ጥፋቱ ሳይሆን በየቤቱ ስለሚገኝ ሊሆን ይችላል።

አሁን ማቃጠል ምን ማለት እንደሆነ እንመልከት። የበርበሬን ኃይል የያዘው ንጥረ ነገር ካፕሳይሲን ይባላል። ብዙ ሰው የሚያቃጥለው ፍሬው ነው ብሎ ያምናል፤ እናቶቻችንም ኃይሉን ለማብረድ ፍሬውን ያራግፋሉ። በእርግጥ ካፕሳይሲን በብዛት የሚገኘው ፍሬው በተጣበቀበት በውስጠኛው ነጭ ሥጋ ላይ ነው፤ ፍሬው የሚያቃጥለው ከዚያ ጋር ስለሚነካካ ነው። ካፕሳይሲን በውኃ አይሟሟም፤ በስብ ግን ይሟሟል። ሚጥሚጣ ያቃጠለው ሰው ውኃ ቢጠጣ እምብዛም የማይረዳው፣ ወተት ወይም እርጎ ቢቀምስ ግን የሚቀልለው ለዚህ ነው።

ካፕሳይሲን በምላሳችን ላይ ምን ያደርጋል? በ1997 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳን ፍራንሲስኮ ዴቪድ ጁሊየስና ባልደረቦቹ መልሱን አገኙ። በነርቮቻችን ጫፍ ላይ ቲአርፒቪ1 የሚባል ፕሮቲን አለ። ይህ ፕሮቲን የተፈጠረው ሙቀት ከ43 ዲግሪ ሴልሲየስ ገደማ ሲያልፍ ለአንጎል «ተቃጠልህ» የሚል መልእክት እንዲልክ ነው። ካፕሳይሲን ይህንኑ ፕሮቲን ያለ ሙቀት ይከፍተዋል። ስለዚህ ቃሪያ ስንነክስ አንጎላችን እሳት እንደነካን ይነገረዋል፤ ፊታችን ያልበዋል፤ ዓይናችን ያነባል፤ አፍንጫችን ይፈስሳል። በምላሳችን ላይ ግን እሳት የለም፤ ቴርሞሜትር ብናኖርበት የጨመረ ሙቀት አያሳይም። ጁሊየስ በዚህ ግኝቱ ምክንያት በ2021 ከአርደም ፓታፑቲያን ጋር የኖቤልን የሕክምና ሽልማት ተቀብሏል። ከዚህ የምንወስደው ትምህርት ግልጽ ነው፤ የማቃጠል ስሜትና የመቃጠል ጉዳት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ታዲያ የጨጓራን ቁስለት የሚያመጣው ምንድን ነው? እዚህ ላይ ለገጠሩ ሰው ፍትሕ መስጠት ይገባኛል። በርበሬ ጨጓራን ያቆስላል የሚለው ሐሳብ የአያቶቻችን ብቻ አይደለም፤ በሃያኛው ክፍለ ዘመን አብዛኛው ጊዜ የዓለም ሐኪሞች ያስተማሩት ትምህርት ነበር። በ1915 በቺካጎ በርትራም ሲፒ የተባለ ሐኪም ለቁስለት ሕሙማን በየሰዓቱ ወተትና ክሬም የሚሰጥበትን ሥርዓት አወጣ፤ ይህም ለአሥርተ ዓመታት ተሠራበት። ቅመም ያለው ምግብ ተከለከለ፤ ጭንቀትና የአሲድ ብዛት ተወቀሱ። ዛሬ ልማዳዊ እምነት የምንለው ነገር ትናንት የሐኪም ትእዛዝ ነበር ማለት ነው። ሐኪሞቹ ትምህርታቸውን ለውጠዋል፤ ለውጡ ግን ወደ ገጠር መንደሮች ሙሉ በሙሉ አልደረሰም።

ለውጡ የመጣው ከአውስትራሊያ፣ ከፐርዝ ከተማ ነው። ሮቢን ዋረን የተባለ የፓቶሎጂ ሐኪም በ1979 ከሕሙማን ጨጓራ በተወሰደ ናሙና ላይ ጠማማ ባክቴሪያዎችን ተመለከተ። በዚያን ጊዜ በጨጓራ አሲድ ውስጥ ሕይወት ያለው ነገር አይኖርም ተብሎ ይታመን ስለነበር ነገሩ እንግዳ ሆነ። ወጣቱ ሐኪም ባሪ ማርሻል ከእርሱ ጋር ተባብሮ ባክቴሪያውን በቤተ ሙከራ ለማብቀል ደጋግሞ ቢሞክርም አልተሳካለትም። በ1982 ግን የፋሲካ በዓል መጣና ሳህኖቹ እንደ ወትሮው በሁለት ቀን ሳይጣሉ ለአምስት ቀን ያህል ቆዩ፤ ባክቴሪያውም በቀለ። ዝግ ብሎ የሚያድግ ኖሯል። በ1984 ማርሻል ባክቴሪያውን ራሱ ጠጣው፤ በቀናት ውስጥ ማቅለሽለሽና ማስመለስ ያዘው፤ በኢንዶስኮፒ ሲመረመርም ጨጓራው ተቆጥቶ ተገኘ። ዛሬ ይህ ባክቴሪያ ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ፣ በተለመደው አጠራር ኤች ፓይሎሪ ይባላል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት በ1994 ካንሰር አምጪ ነገሮች ከሚመደቡበት ከመጀመሪያው ምድብ ውስጥ አገባው፤ ዋረንና ማርሻልም በ2005 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

ኤች ፓይሎሪ ከሰው ወደ ሰው፣ በአብዛኛው በልጅነት ዘመን፣ በአፍ በኩል ይተላለፋል፤ ንጹሕ ውኃና መጸዳጃ በሌለበት፣ ብዙ ሰው በአንድ ክፍል በሚኖርበት ቤት ይበረታል። በ2019 በሀገራችን ቀደም ብለው የተደረጉ ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ሥራ ከተመረመሩት ሰዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባክቴሪያው እንዳለባቸው አመልክቷል። ከእነዚህ አብዛኞቹ ምንም ሳይሰማቸው ይኖራሉ፤ ከአሥሩ በአንዱ ወይም በሁለቱ ላይ ግን ከጊዜ በኋላ ቁስለት ይፈጥራል።

ሁለተኛው የቁስለት ምንጭ በኪሳችን ውስጥ ያለ ነው። አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ሕመምን የሚያስታግሡት ፕሮስታግላንዲን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች እንዳይመረቱ በማድረግ መሆኑን ጆን ቬን በ1971 አሳይቷል። እነዚሁ ንጥረ ነገሮች ግን የጨጓራን የውስጥ ሽፋን ከገዛ አሲዱ የሚጠብቁ ናቸው። ቀኑን ሙሉ አጎንብሶ ሲያርም ወገቡን ያመመው ገበሬ ከአንድ ሱቅ ሁለት ፍሬ ክኒን ገዝቶ፣ በባዶ ሆዱ ውጦ፣ ሳምንት ሙሉ ቢደጋግመው ጨጓራው ጠባቂ ያጣል። ማታ ወጥ ሲበላ ያቃጥለዋል። የሚከሰሰው ወጡ ነው፤ ክኒኑ ጣዕም ስለሌለው ማንም አይጠረጥረውም።

በርበሬውን ራሱን የፈተኑ ጥናቶችስ ምን አገኙ? በ1988 በሂዩስተን ዴቪድ ግራሃምና ባልደረቦቹ ጤነኛ ፈቃደኞችን ቅመም የሌለው ምግብ፣ ቅመም የበዛበት ምግብ፣ እንዲሁም ከአስፕሪን ጋር ምግብ አብልተው በማግሥቱ ጨጓራቸውን በኢንዶስኮፒ አዩ። አስፕሪኑ ጉዳት አድርሷል፤ ቅመሙ ግን የሚታይ ጉዳት አላደረሰም። 30 ግራም የተፈጨ ቃሪያ በቀጥታ ወደ ጨጓራ ገብቶም ውጤቱ አልተለወጠም። በ1995 የታተመ የሲንጋፖር ጥናት ደግሞ የቁስለት ሕሙማን ከሌሎቹ ሰዎች ያነሰ በርበሬ ይበሉ እንደነበር አመለከተ። በ2002 በጣሊያን ሀገር በቦሎኛ፣ ቁስለት ሳይኖርባቸው ጨጓራቸውን የሚያምማቸው 30 ሰዎች በሁለት ተከፍለው፣ ገሚሶቹ በካፕሱል የተሞላ 2.5 ግራም ቀይ በርበሬ በየቀኑ፣ ገሚሶቹ ባዶ ካፕሱል ለአምስት ሳምንታት ወሰዱ፤ በርበሬውን የወሰዱት የተሻለ እፎይታ አገኙ።

ከዚህ ተነሥቶ በርበሬ መድኃኒት ነው ወደሚል ሌላ ጽንፍ መሮጥ አይገባም። ጥናቶቹ ትናንሽ ናቸው። ጨጓራው አስቀድሞ የቆሰለ ወይም አንጀቱ በቀላሉ የሚቆጣ ሰው በርበሬ ሲበላ በእርግጥ ያመዋል፤ ለጊዜው ቢቀንስ ይጠቀማል። በ1994 የታተመ የሜክሲኮ ጥናትም በርበሬ የሚያበዙ ሰዎች በጨጓራ ካንሰር ይበልጥ እንደሚያዙ አመልክቶ ነበር፤ ወደዚህ ጉዳይ ኋላ እመለስበታለሁ። አሁን ግን አንድ ምሳሌ ብቻ ልስጥ። እጁ የተቆረጠ ሰው በርበሬ ቢቀነጥስ ቁስሉን ያንገበግበዋል። እጁን የቆረጠው ማጭድ እንጂ በርበሬ አይደለም። በርበሬው የነገረው ነገር ቢኖር «ቁስል አለብህ» የሚል ነው።

ይህ የቃላት ክርክር አይደለም። «ጨጓራ አለብኝ» እንላለን፤ ጨጓራ የሌለው ሰው ባይኖርም። ያ ሰው በርበሬ ትቶ አልጫ ይበላል፤ ጠዋት ጠዋት ተልባ ይጠጣል። ተልባ በልዝነቱ ሆድን ያለሰልሳል፤ እፎይታ ይሰጣል፤ ባክቴሪያውን ግን አይገድልም። እፎይታው ዓመታትን ያስቆጥራል፤ ቁስለቱም ከሥር ይቀጥላል። አንድ ቀን ሰገራው እንደ ሬንጅ ይጠቁራል ወይም ደም ያስመልሰዋል። በሁለት ሳምንት ገደማ የጸረ ባክቴሪያና የአሲድ መቀነሻ መድኃኒት ሊድን ይችል የነበረ ሰው ለሕይወቱ የሚያሰጋ ደም ይፈስሰዋል። ስለዚህ የጤና ተማሪዎቻችን ሁለት ነገር እንዲያስተውሉ እለምናለሁ። በደም የሚደረገው የጸረ እንግዳ አካል ምርመራ ባክቴሪያው ከጠፋ በኋላም ለረጅም ጊዜ ስለሚቆይ አሁን ያለውን ከነበረው አይለይም፤ የሰገራ አንቲጅን ወይም የትንፋሽ ምርመራ ይለያል። እንዲሁም ጥቁር ሰገራ፣ ደም ማስመለስ፣ ያለ ምክንያት መክሳት፣ ለመዋጥ መቸገር የታየበት ሰው በምግብ ምክር ብቻ መሸኘት የለበትም።

በርበሬን ያለ ጥፋቱ መክሰስ ሌላም ኪሳራ አለው። በ1930ዎቹ የሃንጋሪው ሳይንቲስት አልበርት ሴንት-ጆርጂ ቫይታሚን ሲን በብዛት ያገኘው በሴጌድ ከተማ ከሚበቅለው ቀይ በርበሬ ነው፤ በ1937ም ለኖቤል ሽልማት በቅቷል። ሲደርቅና ሲታመስ ቫይታሚን ሲ አብዛኛው ይጠፋል፤ በቀለሙ ውስጥ ካለው የቫይታሚን ኤ መነሻ ግን የተወሰነው ይቆያል። ይህም በዘይት ወይም በቅቤ ሲቁላላ ለሰውነት ይቀርባል። አትክልት በማይበዛበት ገበታ ላይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ወደ ሁለተኛው እምነት ልሻገር። ጥሬ ሥጋን በሚጥሚጣ ለውሶ፣ አረቄ አስከትሎ መብላት ከኮሶ ይጠብቃል ይባላል። እዚህ ላይ ምክንያታዊ ጥያቄ እንጠይቅ። የከብት ኮሶ እጭ በጡንቻ ውስጥ በከረጢት ተሸፍኖ ይቀመጣል። ወደ ሆዳችን ሲገባ የሚጠብቀው የጨጓራችን አሲድ ነው፤ ይህ እጭ ግን በዚያ በኩል አልፎ አንጀት ውስጥ እንዲከፈት ሆኖ የተፈጠረ ነው። የጨጓራ አሲድ ያልገደለውን ለጥቂት ደቂቃ የነካው ሚጥሚጣ ይገድለዋል ማለት ከባድ ነው። እኛን የሚያቃጥለን በነርቮቻችን ላይ ያለው ፕሮቲን በካፕሳይሲን ስለሚከፈት ነው እንጂ ሚጥሚጣው እሳት ስለሆነ አይደለም። እጩን የሚገድለው እውነተኛ ሙቀት ነው፤ ሥጋው እስከ ውስጡ 60 ዲግሪ እና ከዚያ በላይ ሲሞቅ፣ ወይም ደግሞ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ለ10 ቀን ያህል ሲቀዘቅዝ ይሞታል። አያቶቻችን ኮሶ የተባለውን ዛፍ አበባ በየጊዜው ይጠጡ የነበሩት ቅመሙ እንደማይበቃ ስለሚያውቁ ጭምር ነበር ብል የተሳሳትሁ አይመስለኝም።

ሦስተኛው እምነት ከሁሉ የከበደ ነው፤ ስለማያቃጥለው ነገር ነው። በ1960 በእንግሊዝ ሀገር ከ100,000 በላይ የቱርክ ዶሮዎች ምንነቱ ባልታወቀ በሽታ አለቁ። ምርመራው ወደ መኖአቸው፣ ከብራዚል ወደ መጣ የኦቾሎኒ ፋጉሎ መራ። በፋጉሎው ላይ አስፐርጊለስ ፍላቩስ የተባለ ሻጋታ በቅሎ መርዝ አመንጭቶ ነበር፤ መርዙም በሻጋታው ስም አፍላቶክሲን ተባለ። ይህ መርዝ ጉበትን ይጎዳል፤ በተለይ የጉበት ቫይረስ ቢ ባለበት ሰው ላይ የጉበት ካንሰርን አደጋ እጅግ ያበዛል። አያቃጥልም፤ አይሸትም፤ ጣዕም የለውም። በተለመደው የምግብ ማብሰያ ሙቀትም አብዛኛው አይጠፋም።

ሻጋታው ኦቾሎኒ ብቻ አይወድም። በ1996 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ላይ የታተመ ጥናት በአዲስ አበባ ከተሰበሰቡ 60 የተፈጨ በርበሬ ናሙናዎች በ8ቱ ላይ አፍላቶክሲን አግኝቷል፤ መጠኑም በኪሎ ግራም ከ250 እስከ 525 ማይክሮ ግራም ነበር። የአውሮፓ ኅብረት ለበርበሬ የሚፈቅደው ከዋናው የአፍላቶክሲን ዓይነት በኪሎ ግራም 5 ማይክሮ ግራም ብቻ ነው። ዝቅተኛው ናሙና ከዚህ ወሰን 50 ጊዜ ይበልጣል። ይህም ወሰን የተደነገገው በርበሬን በቁንጥር ለሚቀምስ ሕዝብ ነው፤ እኛ በማንኪያ እንጨምራለን፤ በቀን ሁለቴ እንበላለን።

ቀደም ሲል ወደ ተውሁት ጉዳይ ልመለስ። በ2015 በቺሊ ሀገር የተደረገ ጥናት የሐሞት ከረጢት ካንሰር በያዛቸው ሰዎች ደም ውስጥ የአፍላቶክሲን አሻራ ከሌሎቹ በበለጠ አሳይቷል፤ ቀደም ብለው የተደረጉ ምርመራዎችም በዚያው ሀገር በሚበላ ቀይ በርበሬ ላይ መርዙን አግኝተው ነበር። ይህ ነገሩን አይዘጋውም፤ ነገር ግን በርበሬ በሚበዛበት ሀገር ካንሰር ሲታይ «አቃጠለው» ከማለታችን በፊት «በደንብ ደርቆ ነበርን?» ብለን እንድንጠይቅ ያስገድደናል።

በእኛ አካባቢ ሻጋታው የሚገባባቸው በሮች ይታወቃሉ። በርበሬው ተለቅሞ ሲከመር፣ በባዶ መሬት ላይ ሲሰጣ፣ ያለ ወቅቱ ዝናብ ሲመታው፣ ሳይደርቅ በማዳበሪያ ከረጢት ሲታጨቅ። በቤት ውስጥም አንድ በር አለ፤ በርበሬው ከነጭ ሽንኩርትና ከዝንጅብል ጋር ተደልዞ እንደገና ሲረጥብ፣ ፀሐይ ካላገኘ ይሻግታል። ከሁሉ የከፋው ግን ለሽያጭ ሲባል ውኃ መርጨት ነው፤ እንዳይሰበርና ሚዛን እንዲደፋ።

በጃቢ ጠህናን አንድ አዛውንት ገበሬ ደጃቸው ላይ በርበሬ ሲያገላብጡ አገኘኋቸውና «አባቴ፣ መድረቁን በምን ያውቁታል?» ብዬ ጠየቅሁ። አንዱን ዛላ አንሥተው ሰጡኝ።

«ጆሮህ ሥር አድርገህ ወዝውዘው ልጄ። ፍሬው ካልተንኳኳ አልደረቀም።»

«ገበያ ሲወስዱትስ?»

ሣቅ አሉ። «ገበያማ ሌላ ነው። ነጋዴው ሚዛን እንጂ ጆሮ የለውም።»

እኒህ ሰው ችግሩን ከማንኛውም የጥናት መግቢያ በተሻለ ገልጸውታል። በርበሬ ለክምችት ደኅና የሚሆነው እርጥበቱ ወደ 10 በመቶ ገደማ ሲወርድ ነው። ገበሬው ይህን በጆሮው ያውቃል። ነገር ግን የደረቀው ይቀልላል፤ የቀለለው ዋጋ ያጣል። በጥንቃቄ ያደረቀ ሰው የሚከስርበት፣ ያረጠበ የሚያተርፍበት ገበያ እስካለ ድረስ ምክር ብቻ ውጤት አያመጣም። በ2021 የተመረቀው የቡሬ የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ፓርክ በአካባቢያችን አለ፤ ምርታችን የውጭ ገበያ ሊደርስ የሚችለው በመጀመሪያ ደረቅ ሲሆን ነው። ለውጭ ሰው ብለን የምናደርቀው ከሆነ ደግሞ ለልጆቻችን የማናደርቅበት ምክንያት ሊኖር አይገባም።

ስለዚህ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። ለግብርናና ለምግብ ሳይንስ ተማሪዎች፦ ከመሬት ከፍ ያለ የማድረቂያ ቆጥ፣ ርካሽ የእርጥበት መለኪያ፣ ድርቀትን በዋጋ የሚቆጥር የኅብረት ሥራ ማኅበር ግዢ የምርምር ርእስ አድርጉ፤ የምዕራብ ጎጃምን በርበሬም ከማሳ እስከ ወፍጮ ቤት ናሙና እየወሰዳችሁ መርምሩ። ለጤና ተማሪዎች፦ «በርበሬ ተው» ከማለታችሁ በፊት «ምን ክኒን ትወስዳለህ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ባክቴሪያውንም መርምሩ። ለሁላችን ደግሞ፦ የሻገተውን ዛላ ለይታችሁ ጣሉ እንጂ ከደኅናው ጋር አታስፈጩት፤ ከተፈጨ በኋላ ቀለሙ አንድ ነው፤ ዓይንም ምላስም አይለየውም።

አበው «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይላሉ። እኛ መጠርጠርን አልተውንም፤ የጠረጠርነው ግን የሚጮኸውን ነው። የበርበሬ ማቃጠል ጩኸት ነው፤ ሁሉም ይሰማዋል። ባክቴሪያው፣ ክኒኑና ሻጋታው ድምፅ የላቸውም። ድምፅ የሌለውን ፈልጎ ማግኘት ደግሞ ዩኒቨርሲቲ የተሠራበት ሥራ ነው።